የግንቡ መሹለኪያ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9፣ ከቀትር በኋላ
ከቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ

ለምትናፍቀኝ ባለቤቴ፣

ደህንነትህን በመጠየቅ አልጀምርም። ሐሙስ በስልክ ጠይቄህ «ደህና ነኝ» ብለኸኛል፤ ደህና ባትሆንም ያንኑ ነበር የምትለኝ። ይልቅ የምጀምረው ከጥያቄህ ነው። የድልድዩን ሥራ ውል ለሁለት ዓመት ላድስ ወይስ ወሩ ሲያልቅ ጓዜን ጠቅልዬ ልምጣ ብለህ ጠየቅከኝ። እኔ «አንተ እንዳልክ» አልኩ። አንተ «አይ፣ አንቺ እንዳልሽ» አልክ። እኔ «ኧረ አንተ» አልኩ። በር ላይ ቆመው «ቅደም፣ አንተ ቅደም» እንደሚባባሉ እንግዶች ስንገባበዝ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ሳስበው ይሄ ነገር በስልክ አይሆንም። በስልክ ሁለታችንም ጨዋ ነን። በወረቀት ግን አንተ መልስ ሳትሰጠኝ እስክጨርስ ድረስ እናገራለሁ፣ ይሄ ደግሞ ሁልጊዜ የምመኘው ነገር ነው።

ስለዚህ መልሴ እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አለ። ግን መጀመሪያ ወሬዬን ትሰማለህ። ዘለህ ወደ መጨረሻው ገጽ እንዳትሄድ፤ ጋዜጣ ከስፖርቱ ገጽ የምትጀምር ሰው መሆንህን አልረሳሁም። ወሬውን ካልሰማህ መልሱ አይገባህም።

እናትህ ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ደረጃ ሲወጡ ብቻ ነው፣ ሲወርዱ ምንም አይላቸውም። «ልጄ፣ መውጣቱን አንቺ ውጪልኝ፣ መውረዱን ለእኔ ተዪው» እያሉ ይቀልዱብኛል። አንተ ከሄድክ ወዲህ እኔና እሳቸው እንደ ባልና ሚስት ሆነን አርፈነዋል፤ ጠዋት እንኳረፋለን፣ ምሳ ላይ እንታረቃለን። ጠባችን ያው የማድ ቤቱ መስኮት ነው። እሳቸው ብርድ ገባ ብለው ይዘጉታል፣ እኔ ታፈንኩ ብዬ እከፍተዋለሁ። አሁን ተስማምተን ገርበብ ብሎ ይውላል። ሁለታችንም አልተመቸንም፣ ግን ሰላም ወርዷል።

ሰፈሩም እንዳለ ነው። ዳቦ ቤቱ በሩን ቀይ ቀብቶታል፤ ዳቦው ግን ያው ነው። ከጓሯችን ያለው መጋዘን ባለቤት ቀይሯል። አዲሱ ሰውዬ ቆፍጣና ነገር ነው፣ ረጅሙን ግንብ ከላይኛው ጫፍ ጀምሮ እያሳደሰው ነው። ግንበኞቹ በየቀኑ ወደ እኛ ወደ ታች እየቀረቡ ሲመጡ መዶሻቸው ይሰማኛል። ይህችን ወሬ ያዝልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ሥራዬ። ይሄኛው ረዘም ስለሚል ሻይህን ይዘህ ተቀመጥ።

ለጓደኞችህ «ሚስቴ ኮምፒውተር ላይ ጭቃ ታቦካለች» እያልክ የምታስቅብኝ ነገር አሁንም አለ። ከቦካ አይቀር ግን የዘንድሮው ጥሩ አድርጎ ቦክቷል። የእኛ የጦርነት ጨዋታ እንደ ሌሎቹ ተኩስና ጩኸት የበዛበት እንዳልሆነ ታውቃለህ። መሬቱን ከላይ ታየዋለህ፣ ወታደሮችህን እንደ ቼዝ በተራህ ታንቀሳቅሳለህ፣ ከዚያ ሌላው ወገን በተራው ያንቀሳቅሳል። ብቻህን ከሆንክ ጠላትህን ኮምፒውተሩ ራሱ ይይዝልሃል። ወታደሮቹ የእኔ ሥራ አይደሉም። የእኔ መሬቱ ነው። መሬቱ ወደ ትንንሽ ካሬዎች ይከፈላል፣ እኔ ለእያንዳንዷ ካሬ ምን እንደሆነች እነግራታለሁ፤ አንቺ ሣር ነሽ፣ አንቺ ጭቃ ነሽ፣ አንቺ ግንብ ነሽና ማንንም እንዳታሳልፊ። ዝናብ ሲዘንብ የተጫነ መኪና ጭቃው ውስጥ ምን ያህል ተይዞ እንደሚቀር፣ ኮረብታው ላይ የቆመ ሰው ከጣሪያዎቹ ወዲያ ምን እንደሚታየው፣ ይሄ ሁሉ በእኔ ነው የሚወሰነው። ፈጣሪ ዓለምን በስድስት ቀን ጨረሰ ይባላል፤ እኔ ለአንዲት ከተማ በጋውን ሙሉ ፈጀሁ፣ ያውም ሰው ሳልጨምርበት።

አንዱን ውጊያ እኛ ቢሮ ውስጥ «ውሎ» ነው የምንለው። ዘንድሮ የተሰጠኝ የድልድዩ ውሎ ነው። ከላይ ኮረብታ፣ መሃል ላይ ትንሽ ከተማ፣ ከታች ወንዝና አንድ ድልድይ አለ። ጠላት ከኮረብታው ይወርዳል። ተከላካዩ የከተማው ሰው በድልድዩ ተሻግሮ እስኪያልቅ ድረስ ከተማዋን መያዝ አለበት። ነገሩ ይሄው ነው። ድልድዩን አንተ ነህ የሠራኸው ማለት ይቻላል፤ «ድልድይን የሚያመው መሃሉን ሳይሆን መጋጠሚያውን ነው» ያልከኝን ቃል በቃል ወስጄዋለሁ። አሁን መጋጠሚያው ካልተመታ አይወድቅም።

ከተማዋ ግን አስቸገረችኝ። አለቃችን የመጀመሪያውን ሥራዬን አይታ «ይሄ ከተማ ሳይሆን የተደረደረ ካርቶን ነው፣ ሰው የሚኖርበት ከተማ ሥሪልኝ» አለችኝ። ምን ላድርግ፣ ሰው የሚኖርበት ቦታ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። የእኛን ሰፈር ወስጄ እዚያ ላይ አስቀመጥኩት። ዳቦ ቤቱን፣ ጠመም ያለውን የልብስ ሰፊውን ቤት፣ የመጋዘኑን ረጅም ግንብ፣ ከእኛ ጓሮ በላይ የተንሰራፋውን ዛፍ ሳይቀር። የእኛን ቤት ስሠራማ የማድ ቤቱን መስኮት ገርበብ አድርጌዋለሁ። አለቃችን ይህን ስታይ «አሁን ገና ሰው መጣበት» ብላ ወደደችልኝ።

ከዚያ ሙከራ ተጀመረ። የሚሞክርልን ትልቅ ሰውነት ያለው ልጅ ነው፣ ጦረኛው እንለዋለን። ሰላማዊ ሰልፍ ብትሰጠው በመልሶ ማጥቃት የሚጀምር ዓይነት ነው። ተከላካይ ሆኖ ወታደሮቹን በላይኛው መንገድ ላይና በድልድዩ ራስ ደረደረ። ጠላት ወረደ። ጥቂት ተራ እንደተጫወቱ ግማሹ ጠላት ጠፋ። ዞር ብሎ ቢያይ ከጀርባው፣ ድልድዩ ሥር ቆመው ጠበቁት። ሰዉ ሳይሻገር ከተማዋ ተያዘች። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ጠፉ፣ ደግሞ ከጀርባው በቀሉ። ወታደሮቹን ወደ ግራ ቢያዞር ያው፣ ወደ ቀኝ ቢያዞር ያው። በመጨረሻ ጦረኛው «እነዚህ ሰዎች ከመሬት ውስጥ ነው የሚወጡት» ብሎ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ።

መሬት ሲባል እኔ ቱግ አልኩ። መሬቱ የእኔ ነዋ። ጠላትን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም የጻፈው ዝምተኛው ነው፤ ስለ እሱ ደጋግሜ ነግሬሃለሁ፣ ደህና ዋልክ ቢሉት ራሱን ነቅንቆ የሚመልሰው። ሁሉም ሰው ፊት ቆሜ «መሬቴ ንጹህ ነው፣ የራስህን ሥራ ፈትሽ» አልኩት። እሱም ዝም አይነቅዝም ብሎ ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀና የጻፈውን ሁሉ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ መልሶ ማንበብ ያዘ። ያን ሰሞን ሙሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ከረመ። እኔ በአጠገቡ ሳልፍ አገጬን ቀና አድርጌ ነበር የማልፈው። አሁን ሳስታውሰው አገጬን ነው የማፍረው።

አንድ ቀን ሰዎቹ ምሳ ሲወጡ እስቲ እኔም ልይ ብዬ ከጠላት ወታደሮች ጥቂቶቹን መርጬ በየተራው በዓይኔ ተከተልኳቸው። ኮረብታውን ወረዱ። በዳቦ ቤቱ በር አለፉ። ልብስ ሰፊው ጋ ወደ ግራ ታጠፉ። ግንቡን ይዘው ቁልቁል ሄዱ። ከዛፉ ሥር ሲደርሱ ተሰወሩ። በሚቀጥለው ተራ እኛ ጓሮ ውስጥ ናቸው። ከዚያ በማድ ቤታችን በር በኩል አልፈው በቀጥታ ወደ ድልድዩ።

ይሄን መንገድ ማን ያውቀዋል በለኝ። እዚህ ሳለህ ከብየዳ ቤቱ ወጥተህ ለምሳ ስትመጣ ስንት ዓመት የሄድክበት መንገድህ ነው። ግንቡ የፈረሰበት ቦታ፣ ትከሻህን አዙረህ በጎንህ የምትገባበት፣ ሸሚዝህን ስንት ጊዜ የቀደደብህና እኔ ስንት ጊዜ የጣፍኩት። ግንቡን ስሠራ እዚያች ቦታ ስደርስ አንዷን ካሬ ክፍት ትቻታለሁ። አስቤበት አይደለም፣ እጄ ነው የሠራው። ያለ እሷ ግንቡ ያ ግንብ አልመስል ብሎኝ ይሆናል። ከላይ ዛፉ ስለሚሸፍናት ለሰው ዓይን አትታይም፤ ለኮምፒውተሩ ግን ክፍት ካሬ ክፍት ካሬ ናት። ጠላት ተብዬው ሲፈልግ ሲፈልግ የአንተን አቋራጭ አግኝቶ ነበር ለካ። ጠቅላላ ጦሩ ለምሳ ወደ ቤቴ ሲገባ ነበር የከረመው።

ብቻዬን ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ሰዎቹ ከምሳ ሲመለሱ ይቺ ሴትዮ ምን ነካት ብለው ከበቡኝ። አሳየኋቸው። ዝምተኛው ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ አየና ይሄ ምንድን ነው አለኝ። ባለቤቴ ለምሳ የሚገባበት ነው አልኩት። ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ስክሪኑን አየ። «እና ጠላት የሚገባው በባልሽ መንገድ ነው?» አለኝ። ዘንድሮ ከአፉ የወጣ ረጅሙ ንግግር ይሄ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እኔ ነኝ። በማግስቱ ትኩስ ዳቦ ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፤ ዳቦውን በላና ይቅርታዬን ተቀበለ፣ ራሱን ነቅንቆ።

ካሬዋን መዝጋት አንድ ጊዜ ጠቅ ማድረግ ነው። ጠቅ አደረግኩና ዘጋኋት። የተዘጋውን ግንብ ስመለከት ቆየሁ፤ ምን ሆንኩ ብዬ ራሴን ተቆጣሁና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ፣ ግንቡ ሲዘጋ ደግሞ ጨዋታው ሞተ። ጠላት በላይኛው መንገድ ብቻ ስለሚመጣ ጦረኛው እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል። እያዛጋ ያሸንፋል። አለቃችን ሁልጊዜ የሚሸነፉበትም ሁልጊዜ የሚያሸንፉበትም ውሎ ዋጋ የለውም አለች፤ ሁለቱም ወገን ተስፋ ከሌለው ሰው ለምን ይጫወተዋል? ዓይናችን ስለለመደው ነው የማይታየን፣ ይህን ጨዋታ በሕይወቱ ነክቶ የማያውቅ ሰው ፈልጉና አስሞክሩ አለችን። እኔ ለቀልድ አማቴ አሉ አልኩ። እሷ አልሳቀችም። ላፕቶፑን አሸክማ ወደ ቤት ላከችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ሕጋችንን ልንገርህ። ሰው ሲሞክር የሠራው ሰው አይናገርም። ከኋላ ተቀምጦ ያያል እንጂ «በዚህ በኩል»፣ «እሱን ተይው» የለም፤ ጥያቄ ቢጠየቅም አይመልስም። ጨዋታውን የሚገዛ ሰው እኛን አብሮ ገዝቶ ቤቱ አይወስደንም፣ ስለዚህ ብቻውን መቻል አለበት። እኔ እጄ ወደ ስክሪኑ እየሮጠ ስላስቸገረኝ ጭኔ ሥር አድርጌው ነው የምቀመጠው። ይህን ሕግ ለእናትህ ስነግራቸው «አንቺ? ዝም ልትዪ?» ብለው መነጽራቸው እስኪወልቅ ሳቁብኝ።

እሁድ ከምሳ በኋላ ተቀመጡ። ማውዙን በሁለት እጃቸው ነው የያዙት፣ እንደሚያመልጥ ነገር። ወታደሮቹን «ልጆቹ» ይሏቸዋል። ጨዋታው ውስጥ ዝናብ ሲጀምር ልጆቹን አንድ በአንድ እየጎተቱ ከየቤቱ ጣሪያ ሥር አስገቧቸው። ላይኛው መንገድ ላይ ዘብ የቆሙትን ሳይቀር። ጦረኛው ቢያይ ራሱን ይስት ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው ከተማዋን ማየት ጀመሩ። «ይሄ ልብስ ሰፊው አይደለም?» አሉኝ። ዝም። ወረድ አሉና «ኧረ ይሄ የእኛ ቤት ነው፣ መስኮቱን እዪው ገርበብ ብሎ!» አሉ። ዝም። ልናገር እየሞትኩ ነበር።

ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው ግንቡን ተከትለው ወረዱ። ከዛፉ ሥር ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ወዲያ ወዲህ አሉት። መሹለኪያው የታለ አሉኝ። እጄ ጭኔ ሥር ነው። ዘጋሽው እንዴ አሉኝ። አልመለስኩም። መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ ልጄ በየት ይግባ?»

ምን ልበልህ። ሕጉ ነው ዝም ያሰኘኝ ብዬ ብነግርህ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ሕጉ ባይኖርም መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም ብዙ አልጠበቁኝም። ወደ ስክሪኑ ተመለሱና ከልጆቹ አንዱን ከጣሪያው ሥር አውጥተው በእኛ ጓሮ ግንቡ አጠገብ አቆሙት። እስከ ጨዋታው መጨረሻ ዝናቡ እየወረደበት እዚያው ተዉት። ለምን እንዳቆሙት አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ሲጨርሱ አሸነፉ፣ ማንም እንደሚያሸንፈው። ማሸነፋቸው ብዙም አላስደነቃቸውም። «እነዚያ ወዲያኞቹም ቤታቸው ይግቡ፣ መሽቷል» ብለው ተነሱ።

በማግስቱ ቢሮ እንደገባሁ ካሬዋን ከፈትኳት። ግን ዝም ብዬ አልከፈትኳትም። መኪና አያልፍባትም። ሰው በእግሩ ያልፋል፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ፣ ሸክሙን ከውጭ አስቀምጦ። ደግሞ ከማድ ቤታችን መስኮት በደንብ ትታያለች፤ ተከላካዩ መስኮቱ ላይ አንድ ሰው ካስቀመጠ የሚመጣውን ያየዋል፣ ከዘነጋ ግን ጉዱ ፈላ። ያን ዕለት ጦረኛው ዘነጋና ተሸነፈ። በደስታ ነው የተሸነፈው፣ እንደገና ካልተጫወትኩ ብሎ አለቀሰ። ሁለተኛውን አሸነፈ። ከዚያ አለቃችን ራሷ ጠላት ሆና ገጠመችው፣ ምሳ ሰዓት አልፎ ሲጯጯሁ ዋሉ። በመጨረሻ «ይሄ አለቀ፣ ማንም እንዳይነካው» አለች። እዚያ ቢሮ ውስጥ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም።

በአንድ ነገር ግን ታመሰግነኛለህ ወይስ እኔ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፣ አላውቅም። ማውዙን አንድ ቦታ ላይ ስታሳርፈው ስሙ ብቅ ይላል፤ «ዳቦ ቤት»፣ «ድልድይ» እያለ። ዝምተኛው ለዚያች ካሬ «የባልየው መሹለኪያ» ብሎ ስም ጽፎባታል። አጥፋው ስለው ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ። ስለዚህ ጨዋታው ሲወጣ የማናውቃቸው ሰዎች በማናውቀው አገር የአንተን የምሳ መንገድ ዘብ ይቆሙበታል። ኩራ።

እንግዲህ እንዲህ ነው የሰነበትኩት። ልቤ ቅቤ ጠጥቷል። ይህን በደንብ እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ፤ አልከፋኝም፣ አልታመምኩም፣ ብቻዬን አይደለሁም። ተከፍታለች ብለህ አዝነህልኝ እንዳትመጣ። ድልድይህ ገና ወንዙ መሃል ላይ መቆሙንም አውቃለሁ። የጀመርከውን መጋጠሚያ ሌላ በያጅ ሲጨርሰው ዕድሜህን ሙሉ እንደሚቆጭህም አውቃለሁ፣ እኔም ግማሽ ከተማ ሠርቼ ለሰው አልሰጥም። ብትቀር አልቀየምህም። ይሄ እውነት ነው። ትናፍቀኛለህ። ይሄም እውነት ነው። ሁለቱም አንድ ላይ እውነት ናቸው፣ በስልክ ልነግርህ ያልቻልኩት ይህንኑ ነው።

አሁን ያዝልኝ ወዳልኩህ ወሬ። ግንበኞቹ ዛሬ ጠዋት እኛ ጓሮ ደረሱ። እኔና እናትህ ማድ ቤት ድንች እየላጥን ነበር። ዋናው ግንበኛ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ፣ ትሁት ሰው ነው፣ በሩን አንኳኩቶ ቆመ። ባለቤቱ ግንቡን ሙሉ በሙሉ ድፈነው ብሎኛል፣ ግን ይሄ የፈረሰው ቦታ ወደ እናንተ ጓሮ ስለሆነ ሳልጠይቅ አልዘጋም ብዬ ነው አለን። ሣር በቅሎበታል፣ ሰው የሚሄድበትም አይመስልም፣ ልድፈነው ወይ ብሎ ጠየቀን።

ወደ እናትህ ዞርኩ፣ እሳቸው ይናገሩ ብዬ። ቢላዋውን አስቀመጡ። እጃቸውን ጭናቸው ሥር አደረጉ። ከዚያ ዝም ብለው አዩኝ።

«አይዘጋም» አልኩት። «ሰው ይገባበታል።»

ግንበኛው አልተከራከረም። እንግዲያው እንዲህ ፈርሶ ከሚቀር ጠርዝ ጠርዙን ገንብቼ ወግ ያለው መግቢያ ላድርገው፣ ስፋቱን ብቻ ንገሩኝ አለ። እኔ ሴትዮዋ፣ የዛፍ ጥላ የማይቀረኝ፣ የግንቡን ቁመት ጣት በጣት የማውቅ፣ ስፋቱን ስጠየቅ ቁጥር ጠፋኝ። ጓሮ ወጣሁና ሁለት እጄን ዘረጋሁለት፣ አንተን ሳቅፍ እንደምዘረጋው። ይህን ያህል አልኩት። ሰውዬው እጄን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ሜትሩን አውጥቶ ከእጄ እስከ እጄ ለካና ግንቡ ላይ በእርሳስ ጻፈው። እናትህ ከበሩ ላይ ሆነው በጣም አሰፋሽው፣ እዚያ የሚያበስልለት የለም፣ ከስቶ ይሆናል አሉ። እኔ ፎቶውን አይቻለሁ፣ ሆድ አውጥቷል አልኩ። ሰውዬው የቱን ልያዝ ብሎ ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልተስማማን። በመጨረሻ በእኔ ልክ ይሁን ተባለ፤ ከሳህም ወፈርክም ታልፋለህ።

መልሴ ይሄው ነው። ስለ ውሉ ደግሞ፣ አንተ እንዳልክ።

ፈጣሪ እጅህን ከእሳት፣ ዓይንህን ከብልጭታ፣ እግርህን ከዚያ ከፍታ ይጠብቅልኝ። የበየድከው ሁሉ ይያዝ፣ የረገጥከው ሁሉ ይጽና። እናትህ ግንባርህን ስመውልሃል፣ እኔ የቀረውን።

ጭቃ አቡኪዋ ሚስትህ

አንድ ነገር ረስቼ፦ ፖስታውን ላሽግ ስል እናትህ ከጓሮ ተጣሩ። ግንበኛው ከላይ ያለውን ድንጋይ አስቀምጦ ጨርሷል፣ ከድሮው ትንሽ ዝቅ ብሏል። «ሲገባ ራሱን እንዳይመታው፣ ጎንበስ ይበል በዪው» ብለውሃል።